ሮማንወርቅ የማትዘፍንበት ሰርግ

የባንዱ ኦርጋን ተጫዋች ክብሮም ስልኩን መዝጋት ረስቶ ነው። ሮማንወርቅ «እሺ፣ ከምግብ በኋላ ከተባለ ከምግብ በኋላ ነው፣ ምን አደርጋለሁ» ብላ ስልኳን ከጆሮዋ ልታወርድ ስትል ድምፁን እንደገና ሰማችው። አሁን የሚያወራው ከእሷ ጋር ሳይሆን አጠገቡ ካለ ሰው ጋር ነበር። «ለጊዜው ከምግብ በኋላ ብያታለሁ» አለ። «እዚያ ስንደርስ ደግሞ ሌላ ምክንያት እንፈልጋለን። ብቻ ዳናዊት ትዘጋጅ። ሮማን ዛሬ መድረክ ላይ አትወጣም። ለምን እንደሆነ ማንም እንዳይነግራት አደራ።» ከዚያ የመኪና በር ሲዘጋ ተሰማና መስመሩ ተቋረጠ። ሮማንወርቅ አንድ እጇ ቀሚሷ ላይ፣ አንድ እጇ ስልኩ ላይ እንደሆነ የመታጠቢያ ቤቷ በር ላይ ደርቃ ቀረች።

ቀሚሱ መታጠቢያ ቤት የተሰቀለው ለእንፋሎቱ ነው። ጥልፉን ካውያ ስለሚያበላሽባት ሰርግ ባለ ቁጥር ሙቅ ውሃ ትከፍትና ጨርቁ ሲፍታታ ትጠብቃለች፤ ዘንድሮ የጋዙ ሂሳብ ከጨመረ ወዲህ ግን ውሃውን የምትከፍተው እየሳሳች ነው። ለንደን፣ ባተርሲ ያለው ቤቷ አንድ ክፍል ነው። የሰፈሩ አስተዳደር፣ ካውንስሉ፣ ሲሰጣት «ለጊዜው» ብሎ ነበር፤ ለጊዜው በተባለው ቤት ውስጥ ፀጉሯ ሸበተ። መስኮቱ ሲከፈት የባቡር ድምፅ ይገባል፣ ሲዘጋ ግድግዳው ያልበዋል። ሂትሮው አጠገብ የአውሮፕላን ምግብ በሚታሸግበት ኩሽና ነው የምትሰራው፤ ለዛሬ ብላ ከአንዲት ፊሊፒናዊት ጋር ሺፍት ተቀያይራለች። ትናንት ለጉሮሮዋ ዝንጅብልና ማር ገዝታለች። ማሩ ስድስት ፓውንድ ከሃምሳ መሆኑን ስታይ መልሳ ልታስቀምጠው ነበር፤ የቢታንያ ሰርግ ነው ብላ ጨክና ወሰደችው። አሁን ያ ማር ጠረጴዛው ላይ ሆኖ ሲያፈጥባት ንዴቷ ባሰ።

የሌላ ሰው ሰርግ ቢሆን ኖሮ ተሳድባ፣ ሻይዋን ጠጥታ፣ ተመልሳ ትተኛ ነበር። የሰርግ ዘፋኝ ፕሮግራም ሲቀያየርበት የሚኖር ፍጡር ነው። ፎቶ አንሺው ሙሽሮቹን ፓርክ ለፓርክ ሲያዞራቸው ይውላል፤ ቄሱ ምክሩን ያስረዝሙታል፤ የወንዱ ወገን አውቶቡስ መንገድ ይስታል። በዚህ ሁሉ መሃል ባንዱ ሱፉን ለብሶ፣ ሳይበላ ሳይጠጣ፣ «አሁን ገቡ»፣ «የለም ቆዩ» ሲባል ይውላል። አንድ ጊዜ እንዲያውም ሙሽሮቹ ደረሱ ተብሎ መግቢያውን አሙቀው ሲጀምሩ፣ በሩን ከፍተው የገቡት ኬክ ያመጡ ሁለት ፈረንጆች ሆነው ተገኙ። ሮማንወርቅ ዘፈኗን አላቋረጠችም፤ ኬኩን በእልልታ አጅባ አስገባችው። ይሄን ሁሉ ችላ ኖራለች። የዛሬዋ ሙሽራ ግን ቢታንያ ናት። የቢታንያ እናት ውባንቺና ሮማንወርቅ ወደዚህ አገር የመጡት በአንድ ዘመን ነው፤ አንድ የሆስቴል ክፍል ውስጥ አንድ ድስትና አንድ ብርድ ልብስ ተጋርተው ነው የኖሩት። ቢታንያ ስትወለድ ከአዋላጇ ቀጥላ የታቀፈቻት ሮማንወርቅ ናት። እሷ አልወለደችም፤ ሰው ሲጠይቃት «ቢታንያ አለችኝ» ነው መልሷ። ይህችን ልጅ ሙሽራ ሆና አዳራሽ ስትገባ ዘፍኖ ማስገባት የማን እንደሆነ ማንም ተነጋግሮበት አያውቅም፤ ሁሉም የሚያውቀው ነገር ስለሆነ። ዛሬ የነጠቋት ይሄን ነው።

መጠርጠር ላይ ደግሞ ሮማንወርቅን ማን ብሏት። ፖስታ ቤት ሰልፍ ላይ ከፊቷ ያለ ሰው ዞር ብሎ ካያት «ምን ሰምቶ ነው?» የምትል ሴት ናት። ቀሚሱን እያገላበጠች ነገሩንም አገላበጠችው። ዳናዊት እዚሁ ለንደን የተወለደች የሃያ ምናምን ዓመት ልጅ ናት፤ ግጥሙን በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፋ ከስልኳ እያነበበች ነው የምትዘፍነው። ግን ቀጭን ናት፣ ቲክቶክ ላይ ተከታይ አላት፣ ወጣቶቹ ይወዷታል። የወንዱ ወገን «አሮጊት አናስዘፍንም» ብሎ ይሆናል። ወይም ክብሮም ባንዱን ወጣት ለማስመሰል ብሎ የዶለተው ነው። ውባንቺስ? ውባንቺ ሳታውቅማ ይሄ አይሆንም። እዚህ ላይ ስትደርስ ሆድ ባሳትና ለወንድሟ ደወለች። ዘማርያም በአዲስ አበባና በደሴ መሃል አይሱዙ የሚነዳ፣ እናታቸው ከሞተች በኋላ እሷ ያሳደገችው ብቸኛ ወንድሟ ነው። ሲከፋት የምትደውለው ለእሱ ነው፤ እሱም «ተያቸው፣ ምን አገባሽ» ይላታል፤ ያ ይበቃታል። አላነሳም። መንገድ ላይ ይሆናል ብላ «እነ ውባንቺ ጉድ ሰሩኝ ዘሜ፣ ስትገባ ደውልልኝ» የሚል የድምፅ መልእክት ላከችለት።

ከቤቷ ስትወጣ ክብሮም ደጅ ቆሞ አገኘችው። ይሄ ራሱ ሌላ ጉድ ነው። ክብሮም አስመራ ተወልዶ አዲስ አበባ የተማረ፣ ኦርጋኑን ከሰው አስበልጦ የሚወድ ሰው ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን መጥቶ ወስዷት አያውቅም፤ «ቫኑ ውስጥ ቦታ የለም፣ ስፒከሩ ይጋጫል» ይላትና ቀሚሷን በላስቲክ ጠቅልላ በአውቶቡስ ነው የምትሄደው። ዛሬ ወርዶ በሩን ከፈተላት፤ ቦርሳዋንም ተቀበላት። ሳክስፎን የሚጫወተው ሳሚር ከኋላ፣ ከስፒከሮቹ መሃል ተጣጥፎ ተቀምጧል። ሳሚር ሲያያት ካልቀለደ የሚያመው ልጅ ነው፤ አሁን ጫማውን እያየ «ደህና አደርሽ?» ብቻ አላት።

«ቁርስ በልተሻል?» አለ ክብሮም መሪውን ይዞ።

«አንተ ስለ ቁርሴ ማሰብ የጀመርከው መቼ ነው?»

«እንዲያው ነው። ቀኑ ረጅም ነው ብዬ ነው።»

ሌላ ቀን ክብሮም መሪ ሲጨብጥ ስለ ፓርኪንግ ቅጣትና መንገዱን ስለሞሉት ብስክሌቶች ያላዝናል፤ ሳሚር ከኋላ ሆኖ ድምፁን እያስመሰለ ይቀልድበታል። ዛሬ ሬዲዮው እንኳ ዝግ ነው። ቮክስሆል ላይ ቀይ መብራት ሲይዛቸው ክብሮም እጁን ዘረጋና «ስልክሽን ስጪኝማ፤ ቢታንያ ሰርጌ ላይ ስልክ ማየት አልፈልግም ብላለች፤ የባንዱን ሁሉ እኔ ነኝ የምይዘው» አላት። ሰጠችው። ልትከራከረው አፏ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ግን እንዲህ ያለ ነገር እጅ ከፍንጅ መያዝ እንጂ መንገድ ላይ መበተን የለበትም አለች በልቧ። ሳሚር ስልኩን አለመስጠቱንም አይታለች።

አዳራሹ ኤሌፋንት ኤንድ ካስል በሚባለው ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ነው። ከውጭ ሲያዩት መጋዘን ይመስላል፣ ውስጡ ግን ነጭ በነጭ ተደርጎ አበባ ተዥጎድጉዶበታል። የሙሽራዋ አባት አምሃ ለቀኑ ብቻ ሦስት ሺህ ፓውንድ እንደከፈለበት፣ ምሽት ላይ በሰዓቱ ካላስረከበ ደግሞ ቅጣት እንዳለው ለሰው ሁሉ ሲናገር ሰንብቷል። ገና ከበሩ ስትገባ የወንዱ ወገን ሴቶች ስልካቸውን ዘርግተው አበባውን ቪዲዮ ያነሳሉ። እንግዳው ሁሉ ስልክ በእጁ ነው። ሮማንወርቅ ዞራ ክብሮምን አየችው፤ እሱ ጎንበስ ብሎ ገመድ መሰካት ጀምሮ ነበር። አንገቱ ላይ ያለው ላብ ታያት።

ውባንቺ የሙሽራ እናት ካባዋን ለብሳ ከሩቅ መጣችና አቀፈቻት። አቅፋት ቀረች። ሠላሳ ዓመት የሚያውቁት ሰው ሲያቅፍ ልኩ ይታወቃል፤ ይሄ ከልኩ አልፏል። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ተሰማት። «ምነው?» አለቻት። «ልጄን ልሰጥ አይደል፣ ሆዴ ባባ» አለች ውባንቺ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ። ሮማንወርቅ ይሄን እንባ አላመነችውም። የበደለ ሰው እንባ ነው ያለችው፤ ነጥቀሽኝ ስታበቂ ታለቅሺልኛለሽ እንዴ አለች፤ በልቧ ነው እንጂ አፍ አውጥታ አላለችም። ውባንቺ እጇን ይዛ ከባንዱ ጠረጴዛ ሳይሆን ከቤተሰቡ ጠረጴዛ አስቀመጠቻት። ግራና ቀኟ ሁለት የሰፈር ሴቶች ነበሩ፤ አንደኛዋ አልታየሽ የምትባል፣ ከቤተክርስቲያን የምታውቃት ሴት ናት። ሮማንወርቅ እጇን ልትታጠብ ብትነሳ አልታየሽም ተነሳች፤ ውሃ ልትቀዳ ብትነሳ አልታየሽ ቀድማ ቀዳችላት።

«ያንቺ ከምግብ በኋላ መሆኑ ቀርቶ ከኬኩ በኋላ ሆኗል መሰለኝ» አለቻት አልታየሽ፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ሙሽሮቹ ሲገቡ መድረክ ላይ የነበረችው ዳናዊት ናት። በአንድ እጇ ማይክ፣ በአንድ እጇ ስልክ ይዛ፣ ዓይኗ ከስልኩ ሳይነሳ የመግቢያውን ዘፈን አስጀመረችው። የሚያስቅ ነገር ቢሆን ሮማንወርቅ ትስቅ ነበር። ልጅቷ ድምፅ አላት፣ ይሄን ክፉ ሆና አትክድም፤ ግን እልልታ የሚጠራበትን ቦታ ሳታውቀው ታልፋለች፣ ሴቶቹ አፋቸውን ከፍተው ይቀራሉ። ቢታንያ ነጭ ቬሎዋን ለብሳ በባሏ ክንድ ላይ ሆና ስትገባ ዓይኗ መድረኩን ፈለገ፤ ዳናዊትን ስታይ ግራ ገባት፤ ከዚያ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ እየፈለገች ሮማንወርቅን አገኘቻትና በዓይኗ «ምንድን ነው?» አለቻት። ልጅቷም አታውቅም ማለት ነው። ሮማንወርቅ እንዳታለቅስ ጥርሷን ነክሳ አጨበጨበች።

ምግብ ቀረበ። አልታየሽ ታጎርሳታለች፣ ከወዲያ ማዶ ያለችው ሴት ታጎርሳታለች፣ አምሃ ራሱ ከሽማግሌዎቹ ጠረጴዛ ተነስቶ መጥቶ «ሮማንዬ ብዪ እንጂ፣ በሞቴ» ይላታል። አምሃ ቀልድ የማያውቅ፣ ባንክ ቤት የሚሰራ ሰው ነው፤ ሰው ሲያጎርስ ያየችው ዛሬ ነው። አሁን ነገሩ ሁሉ ገባኝ አለች። ጉቦ ነው። በወጥ ሊደልሏት ነው። ኬኩ ሲቆረስ ቀና ብላ ክብሮምን አየችው፤ ክብሮም በጣቱ «ቆይ» አላትና ማይኩን ለሚዜዎቹ ሰጠ፤ ከንግግሩ በኋላ ሆነ ማለት ነው። ሚዜዎቹ በእንግሊዝኛ የተናገሩት ንግግር ማለቂያ አልነበረውም። እሱ ሲያልቅ ዲጄው ሙዚቃ ለቀቀ። ሮማንወርቅ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች። አልታየሽ አብራ ስትነሳ «መድረክ ኋላ ነው የምሄደው፣ ሽንት ቤት አይደለም» አለቻት በሚቆርጥ ድምፅ፣ ሴትዮዋም ቁጭ አለች።

ከመድረኩ ጀርባ ያለችው ክፍል የጽዳት ዕቃ ማስቀመጫ ናት። መወልወያውና ባልዲው ጥግ ላይ ተገፍተው፣ ግድግዳው ላይ መስተዋት ተደግፎ፣ ዳናዊት ከንፈሯን ስትቀባ አገኘቻት። ሮማንወርቅ በሩን ከኋላዋ ዘጋች። ከጠዋት ጀምሮ ስታዘጋጀው የዋለችው ንግግር ብዙ ነበር፤ የወጣላት ግን አጭር ነው።

«የኔ ልጅ፣ ዘፈኔን ወሰድሽው ወይስ ሰጡሽ?»

ዳናዊት ከመስተዋቱ ዞረች። «ኦ ማይ ጋድ፣ እትዬ ሮማን፣ እኔ አይደለሁም! እኔ ኖ ነበር ያልኩት። ክብሮም ጠዋት ደውሎ ወንድሟ ሞቷል፣ መዝፈን አትችልም፣ ካቨር አድርጊላት ሲለኝ፣ ለአንቺ ብዬ ነው እኮ እሺ ያልኩት።» ቀረብ ብላ ሁለት እጇን ያዘቻት። «አይ አም ሶ ሶሪ። ቅድም መጥቼ ላቅፍሽ ነበር። ግን ሰዉ ሁሉ ኖርማል ሆኖ ሲያወራሽ፣ ማውራት አትፈልጊ ይሆናል ብዬ ነው። ዩ አር ሶ ስትሮንግ።»

ጥፋቱ የልጅቷ አይደለም። ለሳሚር ተነግሮታል፣ ለአልታየሽ ተነግሯታል፣ ለዳናዊት ግን «እሷ አልሰማችም» ብሎ መንገር ለማንም ትዝ አላለውም። ዳናዊት ባደገችበት አገር ሰው ሲሞት ሆስፒታሉ ያንኑ ሰዓት ለቤተሰቡ ይደውላል። የሞተው ሰው እህት ሳትሰማ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሰምቶ አብሯት ወጥ ይበላል ብላ ልታስብ አትችልም።

ሮማንወርቅ መጀመሪያ የተሰማት ነገር ቢኖር ጆሮዋ መደፈኑ ነው። ከግድግዳው ወዲያ የዲጄው ሙዚቃ ይመታል፣ እሷ ጋ የሚደርሰው ንዝረቱ ብቻ ነው። ዘማርያም። ጠዋት የላከችለት መልእክት ትዝ አላት፤ ጉድ ሰሩኝ ብላ ያማረረችው ለማን ኖሯል? መኪናው ተገልብጦ ይሆን? ታሞ ነበር እንዴ? የት መንገድ ላይ? ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት የዳናዊት ፊት ሲለወጥ አየች። ልጅቷ «ታውቂያለሽ አይደል? ዩ ኒው፣ ራይት?» አለች፤ ድምፅዋ ወደ ጩኸት እየሄደ ነበር። «አላውቅም» ብትላት ልጅቷ ትጮሃለች፣ ጩኸቱ አዳራሽ ይደርሳል፣ የቢታንያ ሰርግ እዚያው ለቅሶ ይሆናል።

«አውቃለሁ» አለች ሮማንወርቅ። «ነግረውኛል። በርቺ፣ ሊፕስቲክሽን አስተካክዪ።»

ሽንት ቤት ገብታ በሩን ቆለፈች። የነጠላዋን ጫፍ ጠቅልላ አፏ ውስጥ ከታ ነከሰችው፤ የመጣው ድምፅ ወደ ውስጥ ተመልሶ ደረቷን አመማት። ወዲያው በሩ ተንኳኳና አልታየሽ «ሮማንዬ፣ ደህና ነሽ?» አለች። «ደህና ነኝ፣ ጫማው ነው፣ እግሬን ልጦኝ ነው» አለች። ውሃ ከፈተችና ፊቷን ታጠበች። ከጠዋት ጀምሮ የጠረጠረችው ሁሉ ልክ ነበር። ዶልተውባታል፣ ዋሽተዋታል፣ ስልኳን በማታለል ወስደውባታል፤ የሳተችው ምክንያቱን ብቻ ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ በሰርግ አዳራሽም አይነገርም፤ በጠዋት ነው፣ በገዛ ቤት፣ ሽማግሌና የቅርብ ወዳጅ ባለበት። እስከዚያ ድረስ ብቻዋን እንዳትቀመጥ፣ ስልኳ ላይ ደግሞ ከአገር ቤት አንዱ «ነፍስ ይማር» ብሎ እንዳይቀድማቸው። ሬሳው ገና ያልተቀበረን ሰው እህት መድረክ ላይ አውጥቶ ማስዘፈን ደግሞ ላወቀ ሰው ኃጢአት ነው። ሊነግሯት አይችሉም፣ ሊያስዘፍኗት አይችሉም፤ ስለዚህ ከምግብ ወደ ኬክ፣ ከኬክ ወደ ንግግር ሲያሻግሯት ዋሉ። ውባንቺ በልጇ ሰርግ ማለዳ ይሄን ተሸክማ ነው ካባ የደረበችው። የበደለ ሰው እንባ ነው ብላ ያለችው ትዝ ሲላት አፈረች።

ተመልሳ ተቀመጠች። አልታየሽ ያጎረሰቻትን ጎረሰች፤ በውሃም አወረደችው። አሁን ዓይኗ ሁሉንም ይለያል። የማያውቁት እንግዶች ሲያልፉ «ሮማን፣ ዛሬስ ምነው ጠፋሽ?» ይሏታል። የሚያውቁት እሷ ስታያቸው ይስቃሉ፣ ዞር ስትል ፊታቸው ይወድቃል። አምሃ በልጁ ሰርግ አንድ ጊዜ እንኳ አልጨፈረም። ከሁሉ የከበዳት መጠየቅ አለመቻሏ ነበር። አጠገቧ ያለችው ሴት ዘማርያም በምን እንደሞተ ታውቃለች፤ እሷ አታውቅም፤ ብትጠይቃት ደግሞ ሁለቱም የያዙት ነገር ይፈርሳል። ስለዚህ ስለ ዶሮው ቅመም ተነጋገሩ። አልታየሽ ሽንኩርቱ አልበሰለም አለች፤ ሮማንወርቅም አዎ አልበሰለም አለች።

ከወንዱ ወገን ያሉት አክስቶች ናቸው የጀመሩት። ዲጄው ሙዚቃ ሲቀይር አንዷ ጠረጴዛ መታ መታ አድርጋ «ሮ-ማን! ሮ-ማን!» አለች፤ ወጣቶቹ ተቀበሉ፤ አዳራሹ ሞላ። የሚያውቁት ሰዎች ባሉበት ደረቁ። ክብሮም ኦርጋኑ ላይ አጎንብሶ ቀረ። ከዚያ ቢታንያ ራሷ ቬሎዋን በሁለት እጇ ሰብስባ፣ በሰዉ መሃል ጥሳ መጣች። «ሮማንዬ፣ ምን አድርጌሽ ነው? አንቺ ሳትዘፍኚልኝ ከዚህ አልወጣም» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ከኋላዋ የመጣችው ውባንቺ «ቢቲ፣ ተያት፣ ደክሟታል» ለማለት ሞከረች፤ ድምፅዋ ተቆራረጠባት። ቀኑን ሙሉ ሮማንወርቅ የፈለገችው ይሄን ነበር፤ አዳራሹ ስሟን እንዲጠራ፣ ልጅቷ ራሷ መጥታ እንድትለምናት፣ እነዚያም ፊታቸው እንዲቀላ። አሁን ሁሉም ነገር እጇ ላይ መጣ፤ ማንም ሊያስቆማት አይችልም።

ተነሳችና የልጅቷን ፊት በሁለት እጇ ያዘች። «ድምፄ ጠፍቷል የኔ እናት» አለቻት። «ትናንት ማቀዝቀዣ ክፍል ነው የመደቡኝ፤ ጉሮሮዬ ተዘጋ። ላስከፋሽ ስላልፈለግኩ ነው ቀኑን ሙሉ ይሻለኛል እያልኩ የዋልኩት። እናትሽን አትቆጪ፣ እኔ ነኝ እንዳይነግሩሽ ያልኩት። ዳናዊት ትዘፍናለች፣ እኔ ከጎኗ እቆማለሁ።»

ይሄን ስትል ክብሮም ቀና አለ። ትከሻው ሲወርድ፣ ሳሚር ትንፋሹን ሲለቅ፣ አምሃ መሀረብ አውጥቶ ግንባሩን ሲጠርግ አየች። እፎይ አሉ። ዕዳቸውን እሷ ራሷ አነሳችላቸው፤ ደስ ያላቸው ደግሞ ወንድሟ በሞተበት ቀን ነው፤ ይሄ አንጀቷን አቃጠላት። ውባንቺ ብቻ አላረፈችም። ውባንቺ የሮማንወርቅን ሺፍት ታውቃለች፤ ማቀዝቀዣ ክፍል ተመድባ እንደማታውቅም ታውቃለች። ሁለቱ ሴቶች በሙሽራዋ ትከሻ ላይ ተያዩ።

መድረኩ ላይ ወጥታ የማይኩን መቆሚያ ለዳናዊት ቁመት ዝቅ አደረገችላት፤ ስልኳንም ተቀብላ ኪሷ ከተተችው። «ከእኔ ስሚ» አለቻት። ክብሮም ጀመረ። ሮማንወርቅ ስንኙን በሹክሹክታ ጆሮዋ ላይ ትጥላለች፣ ልጅቷ ተቀብላ በዜማ ታወጣዋለች። እልልታው የሚጠራበት ላይ ሲደርሱ ክንዷን ጫን ታደርጋታለች፣ ልጅቷ ትቆማለች፣ አዳራሹ ይቀልጣል። መናገር መዝፈን አይደለም አለች ለራሷ፤ ይሄን እግዜርም ያውቀዋል። የሙሽራዋን እናት አወደሱ፣ አባቷን አወደሱ። ቀጥሎ የሚመጣው የወንድም ውዳሴ ነው፤ እህቱን የሚሸኝ፣ ደጅ ቆሞ መንገዷን የሚያይ ወንድም። ክብሮም ይሄን ያውቃልና ሊዘለው አስቦ ኦርጋኑን ወደ ሌላ አዞረው። ሮማንወርቅ ዞራ አየችውና ራሷን ነቅንቃ «ተመለስ» አለችው። የቢታንያ ታናሽ ወንድም ከፊት ለፊት ቆሞ ተራውን እየጠበቀ ነበር፤ ልጁ ምን አጠፋ። ክብሮም ተመለሰ። ሮማንወርቅ ስንኙን አንድ በአንድ፣ ሳታጎድል ለዳናዊት ጆሮ ሰጠች። ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና ከዚያ በፊት ዘፍናው በማታውቀው ድምፅ ዘፈነችው። የቢታንያ ወንድም እህቱን ተሸክሞ ሲያዞራት የወንዱ ወገን ሰዎች እየሳቁ ያለቅሱ ነበር።

አዳራሹ የሚዘጋበት ሰዓት ሲደርስ ውጭው ገና አልጨለመም፤ የግንቦት ፀሐይ እዚህ አገር ቶሎ አትገባም። ሙሽሮቹ ተሸኝተዋል። ክብሮምና ሳሚር ስፒከሮቹን ወደ ቫኑ ያመላልሳሉ፣ አምሃ ከአዳራሹ ጠባቂ ጋር ሒሳብ ይጨርሳል፣ ውባንቺ የቀረውን ምግብ በላስቲክ ትቋጥራለች። ሮማንወርቅ ቀሚሷን ቀይራ፣ ቦርሳዋን ይዛ፣ ቫኑ በር ላይ ቆማ ነበር። ስልኳን አልጠየቀችም። ክብሮም ኦርጋኑን አስገብቶ፣ በሱፉ እጅጌ ላቡን ጠርጎ፣ ዓይኑን ሌላ ቦታ አድርጎ መጣ።

«ነገ ጠዋት ቤት ነሽ አይደል?» አላት። «እንዲያው... ሻይ ልንጠጣ ብቅ ልንል አስበን ነበር። እኔና ውባንቺ። ምናልባት አባ ዘውዴም።»

«ቤት ነኝ» አለች ሮማንወርቅ። «ግን ለሰው መቀመጫ የለኝም። ሁለት ወንበር ብቻ ነው ያለኝ። ከዚህ ጫኑ።»

ክብሮም የቫኑን በር እንደያዘ ቀረ። ሳሚር ከውስጥ ሳክስፎኑን እንዳቀፈ ጎንበስ ብሎ አያት። ውባንቺ የቋጠረችውን ላስቲክ መሬት አስቀመጠች። ማንም «ማን ነገረሽ?» አላላትም። መጀመሪያ የተንቀሳቀሰው አምሃ ነው። ኮቱ ላይ አበባው እንዳለ ወደ አዳራሹ ተመለሰና ሁለት ሁለት ታጣፊ ወንበር በብብቱ ይዞ ወጣ። ክብሮም ተከተለው፣ ሳሚርም ተከተለው። ጠባቂው ምን እንደሆነ ሊጠይቅ ሲመጣ አምሃ «ሰኞ እመልሳለሁ፣ የፈለግከውን ቅጣት ጻፍ» አለው። ሦስቱ ወንዶች የሰርግ ልብሳቸውን እንደለበሱ ተመላለሱ፤ ወንበሮቹ በስፒከሮቹ መሃል እየገቡ ብረታቸው ሲጋጭ ብቻ ነበር የሚሰማው። ውባንቺ መጥታ እጇን ያዘቻት፤ አላቀፈቻትም፤ ያዘቻት ብቻ። ቫኑ ሲሞላ ሮማንወርቅ ወደ ፊተኛው መቀመጫ ወጣችና በሩን ሳትዘጋ ወደ እነሱ ዞረች።

«ማልዳችሁ ኑ» አለቻቸው። «ተኝቼ ነው የምታገኙኝ።»